የአሰላ ወጣቶችና የፓተንት ንባብ ሥራ

ከአዳማ ተነሥቶ በደራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከተማዪቱ ሊደርስ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የቁሉምሳን የእርሻ ምርምር ማዕከል ያገኛል። በመኸር ወራት ያለፈ እንደ ሆነ ማሳው እንደ ገበሬ ማሳ አንድ ወጥ ሆኖ አይታየውም። በትንንሽ መደብ ተከፋፍሎ፣ በየመደቡ ራስጌ ምልክት ተተክሎበት፣ አንዱ ስንዴ ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ፣ አንዱ በዋግ ተመትቶ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ እንደ ለመለመ ቆሞ ይታያል። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ «እህሉ አምሯል» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ዛሬ አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የገባችሁ ወጣቶች፣ ከዚህ ማሳ አጠገብ ጥቂት ቆም ብላችሁ አንድ ነገር እንድታስቡ እንፈልጋለን። በዚያ መደብ ላይ የበቀለው እህል ብቻ አይደለም። ሰው አስቦና መርጦ፣ አዳቅሎና ዓመታት ቆጥሮ ያገኘው ዕውቀት ነው። ዕውቀት ደግሞ በዚህ ዘመን እንደ ቤትና እንደ ቦታ ባለቤት አለው። ይመዘገባል፣ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ክስም ይቆምበታል።

የአርሲ ደጋ ስሙ የገነነው በሯጮቹ፣ በስንዴውና በገብሱ ነው። የምርምሩ ሥራ በቁሉምሳ ከ1966 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በማግሥቱም በ1967፣ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም «ካዱ» እያሉ የሚያነሡት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን ጀመረ። የብቅሉ ፋብሪካ በኋላ ተከተለ። በ2014 ደግሞ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ በአሰላ ቆመ። (የውጭውንና የተቋማቱን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠነዋል፤ የአገራችን አዋጆች ግን እንደ ወጡበት በራሳችን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ መሬቱም፣ ዘሩም፣ ተመራማሪውም፣ ተማሪውም በአንድ ተራራ ሥር ተሰባስበው ይገኛሉ። የጎደለ ነገር ቢኖር ከነዚህ ሁሉ የሚወጣውን ዕውቀት በወረቀት የሚጠብቅና የሌላውን ወረቀት የሚያነብ ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ለመናገር ግን በገብሱ ሳይሆን በጤፍ መጀመር ግድ ሆኖብናል። ጤፍ የጭላሎ ደጋ ዋና እህል እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም ለገብሱም ለስንዴውም የሚሆነው ትምህርት የተገኘው፣ ያውም በውድ ዋጋ፣ በጤፍ ነው።

በሐምሌ 2003 ጥቂት የኔዘርላንድ ሰዎች ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የፓተንት ማመልከቻ በአገራቸው አስገቡ። በሚያዝያ 2005፣ ማመልከቻው ከገባ ሃያ አንድ ወር በኋላ፣ ኄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው የነዚሁ ሰዎች ኩባንያ ከብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከእርሻ ምርምር ድርጅታችን ጋር ውል ተፈራረመ። ውሉ በዚያን ጊዜ የተመሰገነ ነበር። ኩባንያው የጤፍ ዘር ወስዶ እንዲሠራበት፣ ከሽያጩም ለኢትዮጵያ ድርሻ እንዲከፍል፣ ጥቅሙም ለገበሬው እንዲደርስ ይላል። በጥር 2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሠረ። ከመክሠሩ በፊት ግን ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ነበርና፣ ውሉን የፈረመው ሲሞት መብቱን የያዘው በሕይወት ቀረ። ኢትዮጵያም ውሏን ይዛ የሬሳ ባለዕዳ ጠባቂ ሆነች። ነገሩን ያጠኑ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ ከዚህ ሁሉ ወደ አገራችን የገባው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ነበር፤ በዚያ ላይ ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ ትንሽ የምርምር ሥራ።

ፓተንቱ ምን ይል ነበር? ይህን ብዙ ሰው ሳይጠይቅ «ጤፋችንን ወሰዱብን» ብሎ ብቻ ተቆጥቷል። ቁጣው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በፓተንት ጉዳይ ቁጣ ከንባብ በኋላ ሲመጣ ይሻላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዱቄት ፈጪዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያም ዘንግ ይለቀቅበትና እስከ ታች እስኪወርድ የሚፈጀው ሰኮንድ ይቆጠራል። እህሉ ርጥበት አግኝቶ መብቀል የጀመረ ከሆነ ሙቁ ይቀጥናል፣ ዘንጉም ቶሎ ይወርዳል። ደኅና ሆኖ የደረቀና የከረመ ከሆነ ሙቁ ይወፍራል፣ ዘንጉም ይዘገያል። የፓተንቱ ዋና ቃል፣ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄት በሕግ የኛ ነው የሚል ነበር። ወደዚህ ቁጥር ለመድረስም ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይክረም ይላል።

ይህን በአማርኛ ተርጉመን ለአንዲት የእንጀራ ባለሙያ ብናነብላት የምትመልሰውን መገመት አያቅትም። አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ አንድ እንዳልሆኑ ለመናገር ዘንግም ቱቦም አያስፈልጋት። ታዲያ ይህ የጓዳ ዕውቀት ለምን አልተከራከረም? የአውሮፓው ሕግ በመጽሐፍ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን በቃል የተነገረውንና በሥራ የታየውንም እንደ ቀደምት ዕውቀት ይቆጥራል። ሆኖም መቼ፣ የት፣ በማን እንደ ተሠራ ማስረጃ ይፈልጋል። የአሜሪካው ሕግ ደግሞ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ ከዚያ አገር ውጭ በሥራ ላይ የዋለን ነገር፣ በጽሑፍ ካልወጣ በቀር፣ ከቁም ነገር አይጥፈውም ነበር። የባለሙያዋ ዕውቀት በእጇና በአፏ ነው። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ግን ወረቀት ነው።

ፓተንቱ የወደቀው በኅዳር 2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው። የጣለውም የኛ ጠበቃ አይደለም። ሁለት ኩባንያዎች በጤፍ ዱቄት ንግድ እዚያው ተካሰው፣ በተከሳሽነት የቀረበው ወገን «ይህ ፓተንት ከመጀመሪያውም የፈጠራ እርምጃ የለበትም» ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹም ተቀበሉትና በኔዘርላንድ የጸናውን መብት ሻሩት። የጤፍ አገር ሳንሆን የዱቄት ነጋዴ ነገራችንን ረታልን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ አንድ ፓተንት በሰጠ ቀን አንድ በር ይከፈታል። ማንም ሰው፣ የየትም አገር ዜጋ ቢሆን፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል። ከዘጠኝ ወር በኋላ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ በየአገሩ ፍርድ ቤት ለየብቻው መክሰስ ነው፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ይበላል። የጤፉ ፓተንት በጥር 2007 ተሰጥቶ በሩ እስከ ጥቅምት ክፍት ሆኖ ሳለ ከኢትዮጵያ በኩል የገባ ተቃውሞ አልነበረም። ለተቃውሞው የሚያስፈልገው ሰው ምን ዓይነት ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ሚኒስትር ወይም አምባሳደር አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ የእህል ኬሚስትሪ የሚያውቅ፣ የፓተንት አንቀጽ አጻጻፍ የተማረ፣ በየሳምንቱ የአውሮፓን መዝገብ ከፍቶ «ጤፍ» የሚለውን ቃል የሚፈልግ አንድ ወጣት በቂ ነበር። መዝገቡ ከ1998 ጀምሮ ለሕዝብ በነጻ ይነበባል። ቀሪው የጠበቃና የክፍያ ነገር ነው፤ እሱም ከኋለኛው የፍርድ ቤት ክርክር ጋር ሲመዛዘን የሚቀል ነበር።

እንዲህ ያለው ወጣት በሌላው ዓለም የዕለት እንጀራውን በዚሁ ሥራ ይበላል። ይህን አብዛኛው ተማሪ የሚያውቅ አይመስለንም። አንድ የአሜሪካ ወይም የጀርመን ኩባንያ አዲስ ነገር ሠርቶ ፓተንት ሲፈልግ፣ በፊት ማንም ያልሠራው መሆኑን ማጣራት አለበት። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰነድ ይገለበጣል። ሥዕሉ በሕጉ ልክ ይሣላል፣ ጽሑፉ ይረቀቃል፣ ይተረጐማል። ፓተንቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ድረስ በየጊዜው ክፍያ አለው፤ ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ መብቱ ይሞታልና ቀን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በኒው ዮርክ ወይም በሙኒክ ጠበቃ ማሠራት ውድ ሆነባቸው። ስለዚህ ከ2000 ወዲህ ሥራው እየተቆራረሰ ወደ ሕንድ ሄደ። በ2000 የተቋቋመው ኢቫሉሰርቭ በዴልሂ አጠገብ በጉርጋዖን ኢንጂነሮችንና ኬሚስቶችን ሰብስቦ ፓተንት ያስመረምር ጀመር። በ2004 የተመሠረተው ፓንጊያ ስሪ የሕግ ሥራ ለአሜሪካ ጠበቆች በሙምባይ ሲሠራ ቆይቶ በ2010 ቶምሰን ሮይተርስ ገዛው። ሉላዊነት የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሸቀጥና በስደት ነው፤ ለነዚያ ወጣቶች ግን ከቤታቸው ሳይወጡ ወደ ጠረጴዛቸው የመጣ ሥራ ሆነላቸው።

ሥራው ክብር የሞላበት ነው ብለን አንዋሽም። ስምህ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ ፈጠራው የሌላ ነው፣ ገንዘቡም ይበልጡን የሌላ ነው። ቀን ገደብ ያስጨንቃል፣ ዓይን ያደክማል። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስገኛል። አንደኛው ደመወዝ ነው። ሁለተኛውና ለኛ የሚበልጠው፣ ለሌላው ሲያነብ የኖረ ዓይን የራሱንም ማንበብ መቻሉ ነው። ሕንድ በእርድና በኒም ፓተንት እንዴት እንደ ተከላከለች እናስታውሳለን። እርድ ቁስል እንዲያድን በ1995 በአሜሪካ የተሰጠውን ፓተንት በ1997 አሰረዘች፤ ያስረዘችውም ጥንታዊ ጽሑፎችን አቅርባ ነው። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የባህል ሕክምና መጻሕፍቷን በአምስት የውጭ ቋንቋዎች መዝግባ፣ በ2009 ለአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መርማሪዎች እንዲከፈት ተስማማች። መርማሪው «ይህ አዲስ ነው» ከማለቱ በፊት የሕንድን መዝገብ ይከፍታል። የኛን መዝገብ ይክፈት ቢባል ምን ይከፍታል?

ይህን ጥያቄ ይዘን በአሰላ ገበያ ጩኮ ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆመን ነበር። የአርሲ ጩኮ ስሙ የታወቀ ነው፤ በተቆላ ገብስ ዱቄትና በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ፣ ለመንገድና ለእንግዳ የሚሆን ስንቅ ነው። «እማማ፣ ለዚህ የሚሆነው የትኛው ገብስ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ገብስ ሁሉ ገብስ ይመስላችኋል?» ብለው ሳቁና፣ የትኛው ለቆሎ፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለበሶ እንደሚሆን፣ የትኛው ቶሎ ደርሶ ከክረምት ረኃብ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ቢቆላ እንደሚፈነዳና የትኛው እንደሚደነድን ቆጠሩልን። አሩሶ የሚባለው ቶሎ የሚደርሰው ገብስ በመካከሉ ተነሣ። እኛ ቆመን ስንጽፍ አይተው «ይህ ደግሞ ይጻፋል እንዴ?» አሉን። ብዕራችን ካቆመ በኋላ እንኳ ስለ አቆላሉ የነገሩን ሌላ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር። ይህን ማንም የምግብ ኬሚስት ቢሰማ ስለ ዘሩ ስታርችና ስለ ቅርፊቱ አጣባበቅ የተነገረ ትምህርት መሆኑን ይረዳል።

የኢትዮጵያ ገብስ ደግሞ ለዓለም ያደረገው ነገር ተረት አይደለም። ሬስሙሰንና ሻለር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1959 እንደ አስታወቁት፣ የገብስን ቢጫ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የሚቋቋመው ዋይ ዲ 2 የተባለው የዘር ባሕርይ የተገኘው በኢትዮጵያ ገብሶች ውስጥ ነው፤ የካሊፎርንያ ገበሬዎች ገብሳቸውን ያተረፉት በዚሁ ነው። እንደዚሁም በ1937ና በ1938 የጀርመን ተጓዦች ከአገራችን ሰብስበው ከወሰዱት ገብስ፣ ኤምሎ የሚባለው የአመዳይ በሽታን የሚከላከል ባሕርይ ተገኘ። ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የበልግ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ እየገባ፣ ዛሬ በዚያ አገር እርሻ እጅግ የተስፋፋ ነው። በዚያን ዘመን ዘር የማንም አይደለም ይባል ነበርና ማንም ሕግ ጣሰ አንልም። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው በ1992 ነው፤ ኢትዮጵያም በ1994 አጸደቀችው። ከዚያ ወዲህ ዘር የአገር ነው።

እዚህ ላይ ፍትሕ እንዲሆን የሌላውንም ወገን መናገር ይገባናል። የአርሲ ገበሬ ለብዙ ዓመት የዘራው ቁብሳ የተባለው ስንዴ መሠረቱ ሜክሲኮ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል የመጣ ነው፤ ዋጋም አልተጠየቀበትም። በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳን ሲመታው፣ በኋላም በ2013 መጨረሻ ገደማ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ በአርሲና በባሌ ሲጨርሰው፣ ተተኪ ዘር ለማግኘት ቁሉምሳ የተጋገዘው ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር ነው። እንግዲህ «ዘራችንን በብረት ሣጥን እንቆልፍ» የሚል ሰው ቢኖር ከኛ ጋር አይደለም። ዘር ሲዞር ይኖራል። የምንለው በሚዞርበት ጊዜ ወረቀቱም አብሮት ይዙር ነው።

ወረቀት ደግሞ ሲሠራ አይተናል። በ2005 አገራችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ አመለከተች። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም በፊቱን «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበርና ክርክሩ ጠነከረ። በሰኔ 2007 ግን ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ስሞቹን በፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ። ሥራውን ከአገር ውስጥ የመራው በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ ዛሬ ባለሥልጣን የሚባለው፣ ነው። ሆኖም በዋሽንግተን የተከራከረልን የጠበቆች ቤት ያለ ክፍያ የረዳን የውጭ ሰው ነበር። ምስጋናችን የማይቀር ነው። ነገር ግን ምጽዋት የዘወትር መተዳደሪያ አይሆንም፤ ደግሞም ነጻ ጠበቃ ለቡና ይገኛል እንጂ ለጩኮ ይገኛል ብለን ተስፋ አናደርግም።

ሕጉ በበኩሉ አለን። የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ወጥተዋል። ዘርና የማኅበረሰብ ዕውቀት እንዴት እንደሚወሰድ የሚደነግገው ቁጥር 482/1998 ነው። የዕፅዋት አዳቃዮች መብት በ481/1998 ታውጆ ኋላ በ1068/2009 ተተክቷል። ይህን ሁሉ ቁጥር የደረደርነው አንባቢን ለማድከም አይደለም። ወጣቱ ሹም በመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ መኖራቸውን እንዲያይ ነው። ብዙውን ጊዜ ነጋሪት ጋዜጣው ሳይገለጥ ማሰሪያው እንደ ታሰረ ይገኛል፤ ይህን የምንለው በሐሜት አይደለም፣ እኛም በወጣትነታችን እንዲህ ያለ መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጠን ነበርና።

አሁን ተቃውሞ ይነሣብናል። መጀመሪያ የሚባለው፣ «ይህን ሥራ እኮ አሁን ማሽን ይሠራዋል» ነው። እውነት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በየሰዉ እጅ ገብቷል፤ ተራውን ፍለጋና ትርጉም ከሰው በፍጥነት ይሠራል። ሕንዳዊው ወጣት ከሃያ ዓመት በፊት የገባበት በር ለአሰላው ወጣት እንደዚያው ሰፊ ሆኖ አይጠብቀውም። ይህን ሸሽገን ተስፋ ብቻ ብንሰብክ በወጣቱ ላይ እናሾፋለን። ነገር ግን ማሽኑ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። የአሩሶ ገብስ አቆላል ያልተጻፈ ስለ ሆነ አያውቀውም። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተነገረውንም ቢሆን የሚሳሳትበት ይበዛል፤ የፓተንት አንቀጽ ደግሞ በአንዲት ቃል ስሕተት ይፈርሳልና የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ማንም የትም ሊሠራው የሚችለውን ተራ ፍለጋ ይዘን ከዓለም ጋር በዋጋ ብንሽቀዳደም እንሸነፋለን። የአፍሪካ ቀንድን እህል፣ ዕፅና የጓዳ ዕውቀት ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብለን ብንነሣ ግን ገበያው ጠባብ ቢሆንም የራሳችን ነው። የአውሮፓ መጋገሪያ ቤት በጤፍ ወይም በገብስ አዲስ ምግብ ሊሠራ ሲያስብ «ይህ ቀድሞ የታወቀ ነውን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ መልሱንም በገንዘብ ይገዛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ መብራትና ኢንተርኔት ነው። የሰው ቀን ገደብ ይዘህ መስመር ሲቋረጥ፣ ደንበኛህ ሁለተኛ አይመለስም። ክፍያም በውጭ ምንዛሪ ሲመጣ ባንኩ በር ላይ የሚያደርሰው መጉላላት አለ። ይህ የወጣቱ ጥፋት አይደለም፤ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሊያቃኑት የሚገባ ነው እንጂ በወጣቱ ትጋት የሚሞላ ጉድለት አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደን ነው። አንድ የአሰላ ልጅ በደመወዝ ተቀጥሮ ለውጭ ኩባንያ ሲያነብ፣ ኩባንያው ሊይዝ የፈለገው የአያቱን ገብስ ቢሆንስ? የደንበኛን ምሥጢር መጠበቅ የሥራው ሕግ ነው፤ አገርን አለመሸጥም ሕግ ነው። ይህን የምንፈታው በስብከት አይመስለንም። ከመጀመሪያው፣ ውል ሳይፈረም፣ «በኢትዮጵያ ዘር ላይ በ482/1998 ፈቃድ ያልተወሰደበትን ሥራ አንቀበልም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ያለ መስመር ያለው ቢሮ ጥቂት ደንበኛ ሊያጣ ይችላል። ንጹሕ ወረቀት የሚፈልግ ደንበኛ ግን ይህንኑ ፈልጎ ይመጣል፤ አውሮፓ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ የዘር ምንጭን ማስረዳት ግዴታ የሚያደርግ ደንብ ወጥቷልና።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ትልቅ ሕንጻ አንጠይቅም። ከእርሻ አንድ፣ ከሕግ አንድ፣ ከኬሚስትሪ አንድ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛን አጥርቶ የሚጽፍ አንድ፤ አራት ተመራቂዎችና አንድ ጠረጴዛ። ዩኒቨርሲቲው ጠረጴዛውንና መስመሩን ቢሰጥ፣ ቁሉምሳ ከአዳቃዮቹ አንዱን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያውሳቸው፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑ አንቀጽ አጻጻፍ የሚያስተምር ሰው ቢልክላቸው፣ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። በገብስ፣ በስንዴና በጤፍ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣውን ፓተንት አንብበው የዘጠኙን ወር ቀን በግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። በጎን ደግሞ ገበያ ወጥተው፣ ተናጋሪዋን አስፈቅደው፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግበው፣ የጓዳውን ዕውቀት በዳኛ ፊት በሚቆም መልክ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈለጋል። ሁሉንም ጽፎ ለዓለም መበተን ሌባን በር ከፍቶ ማስገባትም ሊሆን ይችላል። የሕንድ መዝገብ ለፓተንት መርማሪ እንጂ ለማንም እንዲከፈት ሆኖ እንዳልተጀመረ ልብ ይሏል። የትኛው ይገለጥ፣ የትኛው ይቆለፍ የሚለውን ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲወስን 482/1998 መብት ሰጥቶታል።

ወጣቶቹ ሹማምንት ደግሞ የውጭ ውል በጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ ሦስት ጥያቄ አስቀድሙ። ይህ ኩባንያ ወይም ባለቤቶቹ ከዚህ በፊት በዚሁ ነገር ላይ ያስገቡት ማመልከቻ አለን? መብቱ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ግዴታው አብሮ ይተላለፋልን? ቢከሥርስ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና ግማሽ ቀን ነው። አለቃችሁ «ቶሎ ይፈረም፣ እንግዶቹ ነገ ይሄዳሉ» ቢላችሁም፣ ግማሽ ቀኑን ለምኑ።

ለመለማመጃ የሚሆን ጽሑፍ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ የጤፉ ፓተንት ቁጥር ኢፒ 1646287 ነው። በአውሮፓው መዝገብ ላይ ዛሬም በነጻ ይነበባል። መጀመሪያ መጨረሻው ላይ የተደረደሩትን የይገባኛል አንቀጾች አንብቡ፤ ከዚያ እናታችሁን ጥሩና አንድ በአንድ ተርጉሙላት፣ የምትላችሁንም ጻፉ፤ ቀኑንና የቀበሌውን ስም ሳትዘነጉ።